ሁለት ሚዛን

የዛሬዋ ረዘም ትላለች። ሥራ ላይ ያላችሁ ለእረፍት ሰዓታችሁ አቆዩዋት። መሪ ጨብጦ የሚያነብ ካለ ደግሞ አሁኑኑ ስልኩን ያስቀምጥ።

ሰሞኑን የስልሳዎቹን የሎስ አንጀለስ አርቲስቶች ፎቶ በየገጻችሁ እየተቀባበላችሁት ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ጺም፣ ሲጋራ፣ የባሕር ዳርቻ ጎጆ፣ ግድግዳ ተደግፈው ወደ ካሜራው የማያዩ ቆንጆ ሰዎች። ከሥሩ «ያ ዘመን እንዴት ነፃ ነበር!» ትላላችሁ፤ ልብ ይዘንባል። ካፌ ስገባ ግድግዳው ላይ አያቸዋለሁ፤ ተሳፋሪዬ ቲሸርት ላይም አያቸዋለሁ።

ፎቶዎቹን አልጠላሁም። የጠላሁት አቆራረጣችንን ነው። ያነሳቸው ሰው ካሜራ ሁለት ነገር አይቷል። እኛ የሚያምረውን ግማሽ አንጠልጥለን የሚያመውን ግማሽ ጥለነዋል። ከዚያ «ስልሳዎቹን አየን» እንላለን። አላየንም።

ከመቀጠሌ በፊት፣ ስልሳዎቹ ስል የፈረንጆቹን ነው። በእኛ ቤት «ስልሳዎቹ» ሲባል ጆሮ ቶሎ ብሎ ወደ ተማሪው ንቅናቄና ወደ ያ ትውልድ ይሮጣል፤ ያ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሰዎቹ እንጀምር።

የዚያ ክበብ ዋና ዋልታ ዋላስ በርማን ይባላል። በ1926 ኒው ዮርክ ተወልዶ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ያደገ ነው። ፌርፋክስ ሃይ ስኩል ገብቶ በቁማር ምክንያት የተባረረ ልጅ ነበር። አዎ፣ ያው ፌርፋክስ! እኛ ዛሬ ወረድ ብለን ትንሿ ኢትዮጵያ ብለን ክትፎ የምንበላበት ጎዳና ነው። ይህ ሰው ከ1955 እስከ 1964 «ሰሚና» የምትባል መጽሔት በእጅ ማተሚያ አወጣ። በጠቅላላው ዘጠኝ እትም ናት። አትሸጥም። ገጾቿ ያልተጠረዙ ናቸው፤ ግጥም፣ ሥዕል፣ ፎቶ ተለይተው በአንድ ማኅደር ይገባሉ። ጥቂት መቶ ኮፒ ብቻ ታትማ በፖስታ ቤት ለወዳጅ ትላካለች። ማስታወቂያ የለ፣ ሽያጭ የለ። ገበያን «አልፈልግህም» ያሉ ሰዎች ነበሩ።

እነዚህን ሰዎች ካነሱት ሰዎች አንዱ፣ ለእኔም ዋናው፣ ቻርልስ ብሪቲን ነው። ስሙን ከዚህ በፊት የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ። ፎቶውን ያያችሁት ብዙ ናችሁ፤ ስሙን ግን አላያችሁም፤ ምክንያቱም ሼር ስናደርግ መጀመሪያ የምንቆርጠው የአንሺውን ስም ነው።

ብሪቲን በሃምሳዎቹ ፖስተኛ ነበር። ቦርሳ ተሸክሞ ደብዳቤ የሚያድል ሰው ነው። ሥራውን ሲጨርስ ካሜራውን አንግቶ ቬኒስ ሰፈር ውስጥ ይዞራል። የዛሬዋን ቬኒስ አትዩ፤ ዛሬ ኪራዩ ሰው ያሳብዳል። ያኔ ባሕር ዳርቻው ላይ የነዳጅ ማውጫ ማማ የቆመበት፣ ድሃ የሚኖርበት፣ ቤቱ የተላላጠ ሰፈር ነበር። የእሱ ጎጆ የዚያ ክበብ መሰብሰቢያ ሆነች። እናንተ «የነፃነት ዘመን» ብላችሁ የምትለጥፉት አብዛኛው ነገር ፖስተኛው ከሥራ በኋላ ያነሳው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። እኛም ከሥራ በኋላ የምንኖር ሰዎች ነን።

አሁን ወደ መጀመሪያው እስር እንምጣ።

በ1957 ዋልተር ሆፕስና ኤድዋርድ ኪንሆልዝ ላ ሲየኔጋ ጎዳና ላይ ፌረስ የሚባል ጋለሪ ከፈቱ። በዚያው ዓመት በርማን የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽን እዚያ አሳየ። አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው «ጸያፍ ነገር አለ» ብሎ ለፖሊስ ጠቆመ። ፖሊሶች መጥተው ፈተሹ። ያገኙት የካሜረንን ሥዕል ነው፤ በሰሚና የመጀመሪያ እትም ላይ ወጥቶ የነበረ። ልብ በሉ፣ ሠዓሊዋ ሌላ ሰው ናት፤ የተያዘው በርማን ነው። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው፤ 150 ዶላር ተቀጣ። ገንዘቡን የከፈለለት ወዳጁ ተዋናይ ዲን ስቶክዌል ነው። በርማን ከተማዋን ጥሎ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ፤ እስከ 1961 አልተመለሰም።

ብሪቲን እዚያ ነበር። ኤግዚቢሽኑንም እስሩንም አነሳ። ከዚያ ኤግዚቢሽን ሥራዎች የጠፉ አሉ፤ ዛሬ የምናውቃቸው በእነዚያ ፎቶዎች ነው። ፖስተኛው ካሜራ ባይዝ ኖሮ የምንከራከርበትም ነገር ባልኖረ።

የበርማን የእስር ፎቶ ዛሬ ክቡር ነው። ስለዚያ ክበብ የሚጽፍ ሁሉ የሚያነሳው ታሪክ ነው። በሙዚየም ቋንቋ «ጥበብ በአፈና ላይ» ይሆናል። ይገባዋል፤ አልከራከርም። ሥዕል ስላሳየ ሰው ማሰር ነውር ነው።

ነገር ግን ያው ሰው፣ ያው ዓይን፣ በዚያችው ከተማ ከስምንት ዓመት በኋላ ሌላ እስር አነሳ።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ ብሪቲን ከወዳጆቹ ጎጆ ወጣ። እሱና ባለቤቱ ባርባራ ኮር የሚባለውን የዘር እኩልነት ድርጅት ተቀላቀሉ። ካሜራው ግጥም ከሚያነቡ ሰዎች ዞሮ ቤት በዘር አንከራይም የሚሉትን ወደሚቃወሙ ሰልፈኞች ሄደ። መጋቢት 1965 ላይ በአላባማ፣ ሰልማ ድልድይ ላይ ፖሊስ ሰልፈኛውን በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ፈጀው። ያንን ተከትሎ በሎስ አንጀለስ መሃል ከተማ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ሕንፃ ደጅ ላይ ሰዎች ተቀመጡ። አንነሣም አሉ። ፖሊስ እየጎተተ አነሣቸው። ብሪቲን አነሳው።

ከዚያ ቀን ፎቶዎች አንዱ ርዕሱ በግርድፉ «እስር፣ እግሮች» የሚል ነው። እግሮች! የበርማን የእስር ፎቶ ስም አለው፤ ዓመቱ፣ ጋለሪው፣ የከፈለለት ወዳጅ ሳይቀር ይታወቃል። የዚህኛው ርዕስ ግን የሰው ስም የለውም። እግር ነው ያለው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዋትስ ነደደ፤ 34 ሰው ሞተ። ብሪቲን ወደ ደቡብ ክፍለ ግዛቶች ወርዶ የጥቁሮችን ትግል አነሳ። በአሥርቱ መጨረሻም ብላክ ፓንተሮችን አነሳ። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ነው። የባሕር ዳርቻው ጎጆና የፌዴራሉ ሕንፃ ደረጃ በአንድ ሰው ዓይን ነው የታዩት።

እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ ከሁለቱ የትኛውን ነው ግድግዳ ላይ የሰቀልነው? የትኛውን ነው ሼር ያደረግነው? ጎጆዋን። ቲሸርት ላይ የሚታተመው ጺሙ ነው። እግሮቹን ያተመ ካፌ እኔ እስካሁን አላየሁም።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ፎቶ አንሺ ልጨምር። ተዋናዩ ዴኒስ ሆፐር፣ የዚያው ክበብ ወዳጅ ነው። በ1961 ብሩክ ሄይዋርድ ለልደቱ ካሜራ ሰጠችው፤ እስከ 1967 ድረስ ከአንገቱ አላወረዳትም ማለት ይቻላል። እሱ ፖስተኛ አልነበረም፤ የሆሊውድ ሰው ነው። ከፎቶዎቹ አንዷን እኛ ታክሲ ነጂዎች ከማንም በላይ ልናውቃት ይገባል። ሳንታ ሞኒካ ቡሌቫርድ፣ ሜልሮዝና ዶሄኒ የሚገናኙበት መብራት ላይ ቆሞ፣ ከመኪናው ውስጥ ሆኖ፣ በፊት መስታወቱ አሻግሮ ነው ያነሳት። ከላይ የኋላ ማሳያው መስታወት ይታያል፤ ከፊት ለፊት አንድ ነዳጅ ማደያ አለ፤ የኩባንያው ስም «ስታንዳርድ» የሚለው ሰሌዳ ሁለት ቦታ ተሰቅሏል። ርዕሷን «ደብል ስታንዳርድ» አላት። ሁለቱ ሰሌዳ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ግን ሌላም ትርጉም አለው፤ ለአንድ ዓይነት ሥራ ሁለት ዓይነት ፍርድ። በእኛ አማርኛ፣ ሁለት ሚዛን።

እዚያ መብራት ላይ ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ! እናንተም ቆማችኋል። ፎቶዋን «አሪፍ» ብለን እናልፋታለን እንጂ ስሟን በራሳችን ላይ አናነበውም። ያው ሆፐር በ1965 ከሰልማ እስከ ሞንትጎመሪ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ሰልፈኞች ጋር ተጉዞ ፎቶ አንስቷል። የእሱንም ስም ስታነሱ ፊልሙንና ሞተር ሳይክሉን እንጂ ሰልፉን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በ1970 አንዴ ያሳያቸው ከ400 በላይ የፎቶ ኅትመቶች ለአርባ ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው፣ በ2010 እሱ ከሞተ በኋላ ነው የተገኙት። ሳጥኑ ሲከፈት አርቲስቱም ሰልፈኛውም አብረው ወጡ። ለይቶ የቆረጣቸው ተመልካቹ ነው።

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁና ልቅደማችሁ።

የመጀመሪያው ክርክር፣ «ጥበብን ከፖለቲካ አታጋባ» የሚለው ነው። አንድ የማከብራቸው ታላቅ ወንድሜ ሁልጊዜ ይህን ይሉኛል። ጋሼ፣ እኔ አላጋባሁትም! በ1957 ጋለሪ ውስጥ ገብቶ ያጋባው ፖሊስ ነው። ደግሞም አርቲስቶቹ ራሳቸው አልተለያዩም። በ1966 ላ ሲየኔጋና ሰንሴት የሚገናኙበት ጥግ ላይ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም ትልቅ የብረት ማማ አቆሙ፤ ከ400 በላይ ሠዓሊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሰሌዳ አዋጡ። ያንንም ካነሱት አንዱ ብሪቲን ነው። ስለዚህ «ንጹሕ ጥበብ» ብላችሁ የምታመልኩት ክበብ፣ እናንተ የምትሉትን ንጽሕና አልፈለገውም።

ሁለተኛው፣ «ሐሺሻም ሥራ ፈቶች ናቸው፣ ምን አስጨነቀህ» የሚለው ነው። ሐሺሹ ነበር፤ አልዋሽም። ሥራ ፈት የሚለውን ግን አልቀበልም። ጠዋት ቦርሳ ተሸክሞ የሚወጣን ሰው ሥራ ፈት የሚል፣ ጠዋት አራት ሰዓት የሚነሣ መሆን አለበት። ዘጠኝ እትም መጽሔት ገጽ በገጽ በእጅ የሚያትምን ሰው ሥራ ፈት የሚል፣ እስቲ አንዷን ገጽ ይሞክራት።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። «የበርማንን መከራ ልታሳንስ ነው፤ እሱም እኮ ታስሯል» የሚል። እውነት ነው፣ ታስሯል፤ ተጎድቷልም። በ1976 በሃምሳኛ ዓመት ልደቱ ቀን፣ ሰክሮ የሚነዳ ሰው ገጭቶ ገደለው። የማንንም መከራ በኪሎ አልመዝንም። እኔ የምለው፣ ሁለቱ እስሮች አንድ ታሪክ ናቸው ነው። መጀመሪያ ሥልጣን «ይህን ማየት የለባችሁም» አለ፤ ቀጥሎ «እዚህ መቀመጥ የለባችሁም» አለ። ፎቶ አንሺው ሁለቱንም ጊዜ «አይቻለሁ» አለ። አንዱን ብቻ ስታሳዩ፣ ነፃነት የጥቂት ቆንጆ ሰዎች የአለባበስ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ያኔ እውነትም ቲሸርት ይሆናል።

አራተኛው፣ «የእኛ ታሪክ አይደለም፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» የሚለው ነው። ለዚህ ወንበር ስቤ ነው የምመልሰው።

ወገኔ፣ አሜሪካ እንዴት ገባህ? በቤተሰብ፣ በዲቪ፣ በጥገኝነት፣ በትምህርት፣ ሁሉም መንገድ ታሪክ አለው። ከ1924 ጀምሮ እዚህ አገር የነበረው የኢሚግሬሽን ሕግ ሰውን በትውልድ አገሩ የሚመዝን ነበር። ለእንግሊዝ በዓመት ከ65,000 በላይ ቦታ ተሰጠ። ለኢትዮጵያስ? 100። መቶ ሰው! ዛሬ በአንድ የፌርፋክስ ቅዳሜ ምሽት ከዚያ በላይ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ያንን ኮታ ያፈረሰው ሕግ የተፈረመው ጥቅምት 3 ቀን 1965 ነው። ለየአገሩ የተቀመጠው ጣሪያ በዓመት 20,000 ሆነ፤ ለኬንያም፣ ለጣሊያንም፣ ለእኛም እኩል። እግሮቹ ከተጎተቱበት መጋቢት እስከዚያ ጥቅምት ሰባት ወር ነው።

አንድ ነገር ላጥራ፤ ፌዴራል ሕንፃው ደጅ የተቀመጡት ሰዎች ስለ ሐበሻ ቪዛ አስበው አልተቀመጡም። ስለ ጥቁር አሜሪካዊ የመምረጥ መብት ነው። ሕጉን ለመቀየር የሠሩ ሌሎች ብዙ ሰዎችም ነበሩ። ነገር ግን በዘርና በትውልድ ሰውን የሚመዝን ሕግ ሁሉ በዚህ አገር ማፈሪያ የሆነው እንዲህ ያሉ ሰዎች መንገድ ላይ ስለተጎተቱ ነው። የመምረጥ መብት ሕጉ በዚያው ዓመት ነሐሴ ተፈረመ፤ የኢሚግሬሽኑ ሕግ ተከተለው። አንድ ዓመት፣ አንድ ፕሬዚዳንት፣ አንድ ግፊት ነው። እኛ በዚያ በተከፈተ በር ገብተን፣ በሩን የገፉትን እግሮች ከፎቶው ቆርጠን፣ ጺሙን ብቻ «ነፃነት» ብለን እንሰቅላለን። ይህ ነው ሁለት ሚዛን።

ይባስ ብሎ በየቡና ቤቱ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የምንናገረውን አውቀዋለሁ። መኪናዬ ውስጥም ከወገኔ አፍ ሰምቻለሁ። እዚህ አልደግመውም፤ የተናገራችሁት ታውቁታላችሁ። እነዚያን እግሮች እያየ ያንን የሚደግም አፍ ካለ፣ ይድገመው።

ጠባቂዎቹን ደግሞ አልበድል። የብሪቲን ስብስብ ዛሬ ጌቲ የምርምር ተቋም ውስጥ፣ ጎጆውም ሰልፉም በአንድነት ተቀምጧል። እሱ በሞተበት በ2011 የወጣው መጽሐፍም ሁለቱን አብሮ ይዞ ስሙን «ምዕራብና ደቡብ» ብሎታል። አዋቂዎቹ አልቆረጡትም። የቆረጠው ገበያውና የእኛ ጣት ነው።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ ፎቶ ስትለጥፉ የአንሺውን ስም፣ ዓመቱንና ቦታውን ጻፉ። «ከኢንተርኔት የተገኘ» የሚባል ፎቶ አንሺ የለም። ሁሉም ፎቶ ከኋላው የቆመ ሰው አለው፤ አንዳንዱም ፖስተኛ ነው።

ሁለተኛ፣ አንዱን ከወደዳችሁ ቀጣዩን ፈልጉ። ብሪቲን ብላችሁ ጎጆዋን ስታገኙ እዚያ አትቁሙ፤ እስከ 1965 ድረስ ውረዱ። ሆፐር ብላችሁ ማደያዋን ስታገኙ ሰልማ ድረስ ሂዱ።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁ እዚህ የተወለዱ ናቸው። ስልሳዎቹን ከቲሸርት አይማሩ። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ጌቲ ውሰዷቸው፤ መግቢያው በነፃ ነው፤ የሚያስከፍለው መኪና ማቆሚያው ነው። እሱንም የምታውቁት ታክሲ ነጂ አይጠፋም። ሌላ ከተማ ያላችሁ በስልካችሁ አሳዩአቸው። መጀመሪያ የበርማንን እስር፣ ቀጥሎ እግሮቹን አሳዩና «ከሁለቱ የአንዱን ስም ብቻ የምናውቀው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን እናንተ አትንገሯቸው። ይጨነቁበት።

የማትስማሙ ከሥር ጻፉ፤ ሌሊት ከሥራ ስወጣ አንብቤ እመልሳለሁ። ስድብ ግን አጠፋለሁ። ከላይ ያሉትን አራት ክርክሮች ደግሞ እንዳትደግሙብኝ፤ አምስተኛ አምጡ።

ሰላም ዋሉ።